ታወር የት እንደሚተከል ለምትወስኑ ሁሉ፦ እስኪ መጀመሪያ ድንጋያችን ላይ ቁሙ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

እንደምን ከረማችሁ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ የሞባይል ጥገና ነው። የተወለድኩት ግን ሞረትና ጅሩ ነው፤ ከእነዋሪ ወረድ ብላ፣ የጀማ ገደል ደረት ላይ በተቀመጠች ትንሽ መንደር። እናቴ አሁንም እዚያው ናት።

ደብዳቤው ለአንድ ድርጅት ብቻ አይደለም። ታወር የት ይተከል፣ አንቴናው ወዴት ይዙር፣ የትኛው ቀበሌ ይቅደም እያላችሁ ለምትወስኑ ሁሉ ነው። ስለ አንድ ድንጋይ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

መንደራችን ውስጥ ስልክ አይሠራም። ቤት ውስጥም፣ ደጅም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢም አይሠራም። ከቤታችን ተነስተው ሃያ ደቂቃ ያህል በገደሉ ጫፍ ጫፍ ሲሄዱ ግን አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። እረኛ ሳለን ገበጣ እንጫወትበት ነበር፤ የገበጣው ጉድጓዶች ዛሬም አልጠፉም። አሁን ስሙ "ኔትወርክ ድንጋይ" ሆኗል። እሱ ላይ ሲቆሙ ስልክ ይይዛል። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ካሉ ይጠፋል።

እናቴ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወደዚያ ትሄዳለች። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። በፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ነው የምትይዘው። ድንጋዩ ላይ ትወጣለች። ፌስታሉን ትፈታለች። ቀዩን ቁልፍ ጫን አድርጋ ታበራዋለች። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ ስልኩን ከፍ አድርጋ ትጠብቃለች። ትንሽ ቆይቶ ጢው፣ ጢው፣ ጢው ይላል። የሳምንቱ መልእክት ሁሉ አንድ ላይ ይገባል። ሌሎችም ተራ ስለሚጠብቁ ብዙ አትቆይም። ሚስኮል ታደርግልኛለች፣ እኔ መልሼ እደውላለሁ። "የኔ ጌታ፣ ደህና ነህ?" ትለኛለች። ከቃሏ ግማሹን ንፋሱ ይወስደዋል።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አክስቴ እዚህ ደብረ ብርሃን ታመመች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ ነበር የምንላት። ሰኞ ጠዋት ጠናባት። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ አይሠራም። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። "ማግኘት አይቻልም" የምትለዋን ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላውቅም። በመጨረሻ መልእክት ጻፍኩላት፦ "እትዬ በጣም ታማለች፤ ዛሬውኑ ድረሺ።"

ሰኞ ማታ እትዬ አረፈች። እነዋሪ የማውቀው ሹፌር አለ፤ ለሱ ደወልኩለት። እሱም በእግር የሚወርድ ሰው ፈልጎ ላከ። ቀብሩ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፈጸመ። መልእክተኛው እናቴ ቤት የደረሰው በዚያው ቀን መሽቶ ነው። መርዶ አልነገራትም። "እትዬ ታማለች" ብቻ አላት፤ ወጉም እንዲያ ነው።

ረቡዕ በሌሊት ተነስታ ወጣች። እነዋሪ መናኸሪያ መኪና ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ስልኳን አበራችው። ጢው አለ። ማንበብ ስለማትችል አጠገቧ ለተቀመጠ ልጅ ሰጠችው። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበላት። "ዛሬውኑ ድረሺ" ሲላት እናቴ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለች ማለት ነው" አለች። ልጁ ነው በኋላ የነገረኝ። እትዬ ከተቀበረች ሌሊቱ አልፎ ነግቷል። እናቴ የደረሰችው ለሠልስቱ ዋዜማ ነው። እህቷን አልቀበረችም።

መልእክቱ ጠፍቶ አልነበረም። የተላከለት ስልክ ከሌለ የጽሑፍ መልእክት ማዕከል ውስጥ ይቀመጣል። ስልኩ ኔትወርክ ሲይዝ "መጣሁ" ብሎ ይመዘገባል፤ ያኔ የተቀመጠው ይለቀቅለታል። የኔ መልእክት ሁለት ቀን ሙሉ እናቴን ሲጠብቃት ነበር። መሣሪያው ሥራውን በትክክል ሠርቷል። የጎደለው የመጨረሻዋ መንገድ ናት፤ ከታወሩ እስከ እናቴ መቀነት ያለችው።

እናንተ የዚህን ነገር አሠራር ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ትንሽ ላብራራ። ሱቄ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ኔትወርክ ከሳተላይት የሚወርድ ይመስላቸዋል። የሚመጣው ከምድር ነው። ስልካችን በሬዲዮ ሞገድ የሚነጋገረው አካባቢው ካለው ታወር ጋር ብቻ ነው። ታወሩ የተቀበለውን ድምፅ፣ ላዩ ላይ በሚታየው ከበሮ በሚመስል ክብ ዕቃ ወደሚቀጥለው ታወር ያሻግረዋል። ወይም በተዘረጋ ፋይበር ይልከዋል። ከዚያ ወደ ማዕከል ይሄዳል፤ ከማዕከሉ ደግሞ የሚደወልለት ሰው ወዳለበት ታወር። ደብረ ብርሃን ሆኜ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለ ወንድሜ ጋ ስደውል፣ የኔ ስልክ በራሱ ጉልበት የሚደርሰው እስከ መጀመሪያው ታወር ብቻ ነው።

ስልኩን "ቀፎ" ማለታችን ደስ ይለኛል። ኔትወርኩም እኮ የተሠራው እንደ ማር እንጀራ ነው። አገሩ ቤት ቤት ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አንቴና አለው። ጎረቤታሞቹ እንዳይረባበሹ የተለያየ ሞገድ ይሰጣቸዋል፤ ራቅ ያለው ደግሞ ያንኑ ሞገድ መልሶ ይጠቀምበታል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በመኪና እያወራችሁ ስትሄዱ አንዱ ታወር ለሌላው እያቀባበለ ይሸኛችኋል። መቀባበሉን አትሰሙትም። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ግን ወሬው ይቆራረጣል፤ ሞገዱ ያን ሁሉ አለት ሰንጥቆ አይገባም።

የኛም ችግር አለት ነው። ስልክ ሳይኖር አባቶቻችን ከአፋፍ ወደ አፋፍ ይጣሩ ነበር። እዚህ የቆመ ሰው ማዶ ያለውን ዘመዱን በስሙ ይጠራዋል፤ ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ይደርሳል። እዚያው ከአፋፉ ስር፣ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ያለው ጎረቤት ግን አይሰማውም። ጣሪው ከበላዩ ነው፣ መሃል ላይ ገደሉ አለ። የሬዲዮ ሞገድ ከሰው ድምፅ ቢለይም በዚህ ይመሳሰላል። ፊት ለፊት ከተያየ ሩቅ ይሄዳል። ድሮ ጀምሮ ባለው የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ አንድ ታወር እስከ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊያነጋግር ይችላል። ከአለት ጀርባ ግን ጥላ አለ።

የእነዋሪው ታወር ከመንደራችን ሩቅ አይደለም። ግን ሜዳው ላይ ነው ያለው፣ እኛ ደግሞ ከሜዳው ጠርዝ በታች ነን። ጥላው ውስጥ ነን። ታዲያ ድንጋዩ ላይ የሚይዘው ኔትወርክ ከየት ይመጣል? ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ስሄድ የታወር መለያ የሚያሳይ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ ወጣሁ። ከጀማ ማዶ ነው የሚመጣው፤ ከመርሐ ቤቴ በኩል። እናቴ እሁድ እሁድ ክንዷን የምትዘረጋው ገደሉን ተሻግሮ ለሚመጣ ሞገድ ነው። ቅርቧ ያለው ከኋላዋ ነው፣ አያያትም።

ካርታ ላይ የእነዋሪውን ታወር መሃል አድርጋችሁ ክብ ብታስምሩ መንደራችን ከክቡ ውስጥ ትገባለች። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሰላ ፕሮግራም እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሱ ትክክለኛነት ግን የሚወሰነው በገባለት መረጃ ልክ ነው። የመሬቱ መረጃ ሻካራ ከሆነ ቀጥ ያለውን ገደል ለስላሳ ቁልቁለት አድርጎ ያየዋል። ሽፋን በሕዝብ ብዛት ሲቆጠር ደግሞ ትልልቁ ከተማ ቁጥሩን ይሞላዋል፤ ገደል ውስጥ ያሉ ጥቂት ጎጆዎች ከቁጥሩ ላይ ምንም አያጎድሉም። በሰሜን ሸዋ ስንት እንዲህ ያለ ቦታ አለ መሰላችሁ። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጀማ ድልድይ እስኪደርስ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ወንጪት ገደል አለ። ከመንዝ ወደ ኤፍራታ የሚያወርደው አፋፍ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር እንኳ አትሞላም። ይህን አገር በክብ መለካት አይቻልም።

የሚያሳዝነው መፍትሔው ሁልጊዜ ትልቅ ታወር አለመሆኑ ነው። ታወር ላይ ያሉት አንቴናዎች ብዙውን ጊዜ ሦስት አቅጣጫ ይዘው ነው የሚቆሙት፤ እያንዳንዱ የክቡን ሲሶ ያያል። ትንሽ ጎንበስ የሚሉትም ከተማውን እንዲያገለግሉ ነው። አፋፉ ላይ፣ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ የምትቆም አንዲት አነስተኛ ጣቢያ በሶላርና በባትሪ ብትሠራ እታች ያለው ቀበሌ ሁሉ ይበራለታል። እንጨቱን ተሸክሞ የሚያወጣላችሁ፣ ጉድጓዱን የሚቆፍርላችሁ ሰው አታጡም። ደቦ የሚያውቅ አገር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ባትሪ ልናገር፤ በሥራዬ በየቀኑ የሚገጥመኝ ነው። ከገደል አካባቢ የሚመጡ ሰዎች "ባትሪው ሞቷል፣ ቀይርልኝ" ይሉኛል። ስለካው ባትሪው ደህና ነው። ስልክ ታወር ሲርቀው ይጮኻል። ባለ ቁልፉ ስልክ ታወር ከራቀው እስከ 2 ዋት ድረስ ኃይል ያወጣል። ታወሩ ቅርብ ከሆነ ግን በመቶዎች እጥፍ ባነሰ ኃይል ያንሾካሹካል። ጭራሽ ሲያጣው ደግሞ ሲፈልግ ይውላል፣ ፍለጋውም ባትሪ ይበላል። ከተማ ውስጥ ሳምንት የሚቆይ ስልክ ገደል ውስጥ በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። መብራት የለም፤ ቻርጅ የሚደረገው ጎረቤት ያለች ትንሽ ሶላር ላይ ነው። እናቴ ስልኳን አጥፍታ የምታስቀምጠው ለዚህ ነው። እናንተ መረጃ ላይ ስታዩት "ደንበኛዋ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጠቀመው፣ ፍላጎት የለም" ትሉ ይሆናል። ፍላጎቷ ሃያ ደቂቃ ያስኬዳታል።

ሞባይል በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስልክ የሀብታም ዕቃ ነበር። ዛሬ ገበሬው በ8028 ነፃ ደውሎ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ምክር ይሰማል፤ ይህ አገልግሎት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው፤ አሁን ለእናቴ ብር የምልክላት በሱ ነው። ብሩ በሰኮንድ ይደርሳል፣ ደረሰ የሚለው መልእክት ግን እሁድን ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ብሩ ገብቶላት ሳለ የዶሮ ዋጋ ለመሙላት ከጎረቤት ተበድራለች። ይህ ትንሽ ነገር ነው። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ግን ትንሽ አይደለም። ድንጋዩ ላይ በሌሊት በባትሪ መብራት ሮጦ የሚወጣ ሰው እንደሚላክ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅ ሆኜ ቃሬዛ ይዘው በቀጥታ ነበር የሚወጡት። አሁን አንድ ሰው ቀድሞ ይሮጣል፣ አምቡላንስ መንገዱ ድረስ እንዲመጣ ይደውላል። ድንጋዩ ሕይወት አትርፏል። ቤት ውስጥ ቢሠራ ስንት ደቂቃ እንደሚያተርፍ እናንተው አስሉት።

ሌላም አለኝ። ስልኩ ላይ ያሉት መስመሮች ሙሉ ሆነው ጥሪ እምቢ ሲል ሰው ስልኩን ይዞልኝ ይመጣል። ጻድቃኔ ማርያም በንግሥ ቀን ሄጄ እኔም አይቼዋለሁ፤ መስመሩ ሙሉ ነው፣ ጥሪው አይወጣም። መስመሮቹ የሚያሳዩት ታወሩ ምን ያህል በኃይል እንደሚሰማ ነው፤ ቦታ ስለመኖሩ አይናገሩም። በሁለተኛው ትውልድ አንዱ ሞገድ በጊዜ ተከፋፍሎ ስምንት ሰው ነው የሚያስተናግደው። በሰኮንድ ከ200 ጊዜ በላይ ተራ ስለሚዞር ሁሉም ሳይቆረጥ የሚያወራ ይመስለዋል። ስምንቱ ቦታ ከተያዘ ዘጠነኛው ይቆማል። የንግሥ ቀን የማይታወቅ ቀን አይደለም፤ ከዓመት ዓመት እዚያው ነው። ተንቀሳቃሽ ጣቢያ በመኪና ማቆም የሚቻል ነገር ነው። ልጁ ከሰው መሃል የጠፋበት አባት ሲደውል ማየት ሆድ ያባባል።

ስለ ጽሑፍ መልእክትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ከድንጋዩ ጋር ባይገናኝም ሆዴ ውስጥ የቆየ ነው። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል። በፊደላችን ስንጽፍ ግን 70 ብቻ ነው። ምክንያቱ ተንኮል አይደለም። መልእክቱ የተሠራለት ቦታ 1120 ቢት ነው፤ የላቲኑ ፊደል 7 ቢት ይበቃዋል፣ የኛ 16 ይፈልጋል። ስለዚህ ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ የጻፈ ሰው ሁለትና ሦስት መልእክት ይቆጠርበታል። ልጆቹ "ሰላም" የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉት አንዱ ለዚህ ነው። ቴክኒኩን መለወጥ ከባድ ነው፣ ሒሳቡን ማስተካከል ግን በእጃችሁ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ረጅም መልእክት እንደ አንድ ቢቆጠር ደስ ይለኛል።

እባካችሁ ባለ ቁልፉንም ስልክ አትርሱብን። በሌላ አገር የሁለተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ዘግተውታል፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ጨርሳ ዘግታለች። እኛም አንድ ቀን እንደርስበት ይሆናል። አራተኛውና አምስተኛው ትውልድ መምጣቱን እወደዋለሁ፤ ሱቄም የሚኖረው በሱ ነው። እናቴ ግን ያንን ስልክ ቁልፉን በጣቷ ዳብሳ ነው የለመደችው። አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን ነጥብ ነክታ ሌላውን ታገኛለች። የሱ ኔትወርክ ከመዘጋቱ በፊት በእጇ የሚገባ ሌላ ነገር ይኑር።

መብራት ሲጠፋ ታወሩም ተከትሎ እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ባትሪው የተወሰነ ሰዓት ይይዛል፣ ከዚያ ያልቃል። ሌላው ቢቀር "የእገሌ ቀበሌ ታወር ጠፍቷል፣ እስከዚህ ሰዓት ይመለሳል" ብላችሁ ለአካባቢው አሳውቁ። ድንጋዩ ላይ አራት ሰዓት ቆሞ የተመለሰ ሽማግሌ አውቃለሁ።

ዋናው ልመናዬ ግን ያው ነው። ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ሰዉን ጠይቁ። በየገደሉ "ኔትወርክ ድንጋይ"፣ "ኔትወርክ ዛፍ" የሚባል ቦታ አለ። የትኛው ጠርዝ ላይ ይይዛል፣ በየትኛው መታጠፊያ ይጠፋል፣ ማታ ይሻላል ወይስ ጠዋት፣ እረኛው ሁሉ በእግሩ ለክቶ ያውቀዋል። ይህን መረጃ በገንዘብ አታገኙትም። ቀበሌው ወረቀት ላይ ቢያሰባስብላችሁ በአንድ ሳምንት የዞኑ ሁሉ ጥላ የት የት እንደሆነ ይወጣላችኋል። እኔ የሞረትና ጅሩን ጠርዝ በእግሬ ዞሬ ልጽፍላችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ክፍያ አልፈልግም።

ከፈለጋችሁም ኑ። እሁድ ጠዋት እነዋሪ መናኸሪያ እጠብቃችኋለሁ። መለኪያችሁን ያዙ። ውሃም ያዙ፤ ሲወጣ ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ድንጋዩ ላይ እንደርሳለን። እናቴ እዚያ ትኖራለች። ተራዋን ስትጨርስ እናንተም ቁሙበትና ወደ ቤታችሁ ደውሉ፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ በሉ።

አክባሪያችሁ፣
ሞባይል ጠጋኙ፣ ደብረ ብርሃን